ስድስት ሜትር ገመድ፦ እጅ ኳስን ማን ይመራዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር ገና አልሞቀችም። ከጣና የሚመጣው ነፋስ ቀዝቀዝ ይላል። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ሲሚንቶው እዚህም እዚያም በተሰነጠቀ ሜዳ ላይ፣ አንድ አሠልጣኝ ገመድ ይዞ ተንበርክኳል። የገመዱ አንድ ጫፍ ከጎሉ ቋሚ ሥር ታስሯል። ሌላኛው ጫፍ ላይ በተበጠበጠ ኖራ የተነከረ ብሩሽ አለ። ገመዱን ወጠር አድርጎ ሩብ ክብ ይስላል። ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ቋሚ ይሄድና ያንኑ ይደግማል። በመጨረሻ ሁለቱን ሩብ ክቦች በሦስት ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ያገናኛቸዋል።

"ስንት ሜትር ነው ኮች?" አለች አንዲት ልጅ የጫማዋን ክር እያሰረች።

"ስድስት። እዚህ ውስጥ መርገጥ የሚችለው በረኛ ብቻ ነው።"

"ማን ነው ያለው?"

አሠልጣኙ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። "ፌዴሬሽን" አላት። ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔ ከዳር ቆሜ ነበር። መልሱ ልክ ነው፤ ግን አይበቃም። ለእሷም ለእኛም አይበቃም። ፌዴሬሽን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከረባት ያሰረ ፕሬዚዳንት፣ ምርጫና ጭቅጭቅ ነው። ወይም ብሔራዊ ቡድን ተሸንፎ ሲመጣ የምንወቅሰው ቢሮ ነው። ዋናው ሥራው ግን ያለው እዚች ኖራ መስመር አካባቢ ነው። ስለዚህ የልጅቷን ጥያቄ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስተዋውቅ። እጅ ኳስ ሰባት ለሰባት ነው፤ ስድስት ተጫዋችና አንድ በረኛ። ሜዳው 40 ሜትር በ20 ሜትር ነው። ጎሉ 3 ሜትር ይሰፋል፤ 2 ሜትር ይቆማል። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ኳስ ይዞ ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድ አይቻልም። ከሦስት ሰከንድ በላይ ይዞ መቆምም አይቻልም። ስድስት ሜትሩ ውስጥ መርገጥ ክልክል ነው። ነገር ግን ከመስመሩ ውጭ ተነሥቶ፣ እግር መሬት ሳይነካ፣ አየር ላይ እያሉ መወርወር ይፈቀዳል። አጥቂው ዘሎ ይንጠለጠላል። በረኛው እስኪነቃነቅ ይጠብቃል። ከዚያ ይለቃታል። እኔን በልጅነቴ ከዚህ ጨዋታ ጋር ያጣበቀኝ ይኸው ቅጽበት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ባሕር ዳርም፣ ካይሮም፣ ኮፐንሃገንም አንድ ናቸው። አንድ ያደረጋቸው ዓለም አቀፉ የእጅ ኳስ ፌዴሬሽን ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ኮፐንሃገን ውስጥ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሁን መቀመጫው የስዊዘርላንዷ ባዝል ናት። ሕጉ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ ላይ እጅ ኳስ የተደረገው ሣር ሜዳ ላይ 11 ለ11 ሆኖ ነው። የዛሬው ሰባት ለሰባት ኦሊምፒክ የገባው በ1972 ሙኒክ ነው፤ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያመጣበት ኦሊምፒክ። የሴቶቹ በ1976 ሞንትሪያል ተከተለ። እኛ ያኔ አልነበርንም። ብዙ የአፍሪካ አገሮች በአፓርታይድ ጉዳይ አንሳተፍም ብለው የቀሩበት ዓመት ነው። የቱኒዚያ የወንዶች እጅ ኳስ ቡድን እንዲያውም መጫወት ጀምሮ ነው አቋርጦ የወጣው።

ከዓለም አቀፉ ሥር የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን አለ። የተመሠረተው በ1973 ሲሆን ዋና ጽሕፈት ቤቱ አቢጃን ነው። አፍሪካን በዞን ይከፋፍላል። ኢትዮጵያ ከምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቿ ጋር ዞን አምስት ውስጥ ናት። ከኮንፌዴሬሽኑ ሥር የየአገሩ ፌዴሬሽን ይመጣል። ለአንድ አገር አንድ ፌዴሬሽን ብቻ ነው ዕውቅና የሚሰጠው። ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሁለት ቡድን ተጣልቶ ሁለት ፌዴሬሽን ቢያቋቁም ከውጭ የሚታወቀው አንዱ ብቻ ነው። ዕውቅና የሌለው ፌዴሬሽን ተጫዋች ወደ ውጭ ማዛወር አይችልም። ለአፍሪካ ውድድርም አይመዘገብም።

ከአገር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ከተማ እንውረድ። የኢትዮጵያ እጅ ኳስ ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ነው ያለው። ባሕር ዳር ላይ ያ አሠልጣኝ በየቀኑ የሚያገኘው ግን የከተማውንና የክልሉን ስፖርት ባለሙያዎች ነው። እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሁለት መሥመር ጎን ለጎን ይሄዳል። አንደኛው የመንግሥት ነው፦ ሚኒስቴር፣ ቢሮ፣ መምሪያ። በጀትና ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለው። ሁለተኛው የሕዝብ ነው፦ ፌዴሬሽን። የተመረጡ ሰዎች አሉት፤ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው። ሕጉን፣ ውድድሩንና ዳኛውን የያዘው ፌዴሬሽኑ ነው። ገንዘቡን በአብዛኛው የያዘው መንግሥት ነው። ሁለቱ ሲግባቡ ሥራ ይሄዳል። ሲኮራረፉ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ ልጆቹ ይጠብቃሉ።

ፌዴሬሽኑ ራሱ እንዴት ይሠራል? የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እዚያ ድምፅ የሚሰጡት የአባላቱ ተወካዮች ናቸው። ጉባኤው ደንብ ያጸድቃል፣ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ይሰማል፣ ብዙ ጊዜ በየአራት ዓመቱ ፕሬዚዳንትና ሥራ አስፈፃሚ ይመርጣል። ሥራ አስፈፃሚው አቅጣጫ ያስይዛል። የዕለት ሥራው የጽሕፈት ቤቱ ነው። ከዚያ ኮሚቴዎች አሉ፦ ቴክኒክ፣ ዳኞች፣ ውድድር፣ ሥነ ሥርዓት፣ ይግባኝ።

ኮሚቴ መብዛቱ አንዳንዴ ያስቃል፤ ግን ምክንያት አለው። የእኛ ከተማ ክለብ በአንድ ጨዋታ ተበደልኩ አለ እንበል። ተጋጣሚው ያልተመዘገበ ተጫዋች አሰልፏል ይላል። ቅሬታውን በጽሑፍ ያስይዛል። የጨዋታው ኮሚሽነር ያየውን ሪፖርት ያደርጋል። ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ መዝገቡን አይቶ ይወስናል። ያልተስማማው ወገን ይግባኝ ይላል። ይግባኙን የሚያዩት መጀመሪያ የፈረዱት ሰዎች ከሆኑ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። የቀጣውና ይግባኝ የሚሰማው አንድ መሆን የለበትም። ኮሚቴዎቹ የተለያዩት ለዚህ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ የሚጠብቅ ፌዴሬሽን ክለቦች ያምኑታል። የሚያምኑት ከሆነ ይሸነፋሉ እንጂ ሜዳ ጥለው አይወጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የአንድ ፌዴሬሽን ጤንነት የሚለካው በመርሐ ግብሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ያቺ ጫማ የምታስር ልጅ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ አላት ወይስ የላትም?

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ሊጉ ውስጥ 10 ክለብ አለ እንበል። በሜዳና ከሜዳ ውጭ በደርሶ መልስ ቢጫወቱ 90 ጨዋታ ነው፤ በ18 ሳምንት የሚያልቅ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ዳኛ፣ አንድ ሰዓት ያዥ፣ አንድ መዝጋቢና አንድ ኮሚሽነር ያስፈልጋል። አምስት ሰው ማለት ነው። 90 ጊዜ አምስት፣ 450 ምደባ። ለእነዚህ ሁሉ አበል፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ አለ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን አንድ ሙሉ ቀን ነው። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ወይ አውሮፕላን ነው ወይ መቅረት።

ስለዚህ አቋራጭ ይፈለጋል። ሁሉም ክለብ አንድ ከተማ ይሰበሰባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ዙር ያልቃል። ከሒሳብ አንፃር ትክክል ነው፤ እኔም ገንዘብ ያዥ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ግን ተጫዋቹን ተመልከቱት። በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ጨዋታ ይጫወታል። ጉልበቱ ሳያርፍ ይሰለፋል። ትናንት የሠራውን ስሕተት የሚያርምበት የልምምድ ቀን የለውም። ከዚያ ወራት ያለ ጨዋታ ይቀመጣል። አንድ ልጅ የሚያድገው ተጫውቶ፣ ተሸንፎ፣ ሳምንቱን ተለማምዶ፣ ደግሞ ሲጫወት ነው።

መካከለኛ መንገድ አለ። የቅርብ ለቅርብ ውድድር ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ታቦር፣ እንጅባራ፣ ጎንደር፣ ደብረ ማርቆስ ያሉ ቡድኖች ቅዳሜ ሄደው እሑድ ሊመለሱ ይችላሉ። በየአቅራቢያው የሚጫወተው ተጫውቶ፣ አሸናፊዎቹ ብቻ መጨረሻ ላይ አንድ ከተማ ይገናኛሉ። ለዚህ ትልቅ ስታዲየም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየከተማው አንድ በልኩ የተሰመረ ሜዳ፣ ሁለት ዳኛና ቀድሞ የተነገረ ቀን ነው። የአየሩንም ነገር ማሰብ ነው። እኛ ጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ከባድ ነው፤ ጣሪያ የሌለው ሲሚንቶ ሲርስ ያንሸራትታል። በክረምት የሚወጣ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

ዳኛ አልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስለ እጅ ኳስ ሲወራ ሁልጊዜ የሚረሳው ዳኛ ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ውድድር ላይ ከተመደቡት ሁለት ዳኞች አንዱ ቀረ። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ ያለው አንዱ ብቻውን ፊሽካ ይዞ ገባ። ሰውየው ጥሩ ዳኛ ነበር። ዓይኑን ኳሷ ላይ አድርጎ ይሮጣል። ከጀርባው የሚሆነውን ግን እንዴት ይይ? አንድ ጓደኛችን ዘሎ ሊወረውር ሲል ተከላካዩ እጁን ከኋላ ጎተተው። ትከሻው ወለቀ። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም፤ አላየማ። ጓደኛችን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልወረወረም።

እጅ ኳስ ሁለት እኩል ሥልጣን ያላቸው ዳኞች ያሉት ለዚህ ነው። አንዱ ከአጥቂዎቹ ኋላ ይቆማል። ሌላው ጎሉ መስመር አጠገብ ሆኖ ስድስት ሜትሯን ይጠብቃል። ኳስ ሲዞር ቦታ ይቀያየራሉ። የወርዋሪን እጅ ከኋላ መጎተት ቀጥታ የሚያስባርር ጥፋት ነው። ቀለል ያለው ጥፋት ሁለት ደቂቃ ያስወጣል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሁለት ደቂቃ የተቀጣ ተጫዋች ቀይ ያያል። አንድ ቡድን ጎል ሳይፈልግ ኳስ እያቀባበለ ጊዜ ከገደለ ዳኛው እጁን ያነሣል። ከዚያ በኋላ ያለው ቅብብል የተቆጠረ ነው። ቀድሞ ስድስት ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ አራት ሆኗል። በዚያው ዓመት ሌላም ደንብ ገባ፦ ነፃ ሆኖ የወረወረ ተጫዋች የበረኛን ጭንቅላት ከመታ ሁለት ደቂቃ ይወጣል።

እንግዲህ አስቡት። ከባዝል የወጣች አንዲት ደንብ እዚህ የትምህርት ቤት ሜዳ እንዴት ትደርሳለች? ፌዴሬሽኑ ይቀበላታል፣ በአማርኛ ያዘጋጃታል፣ ዳኞችን ሰብስቦ ያሠለጥናል፣ እነሱ ወደየከተማቸው ይመለሳሉ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ልጆቹ በአሮጌ ሕግ ይጫወታሉ። ሌላ ከተማ ሄደው በአዲሱ ይቀጣሉ። ይናደዳሉ፤ መናደዳቸውም እውነት አላቸው።

ዳኛ የሚበቅለው ደግሞ ከሜዳው ነው። መጫወት ያቆሙ ልጆችን በጊዜ ይዞ፣ መጀመሪያ የታዳጊ ጨዋታ እንዲመሩ ማድረግ፣ ከጎናቸው አንድ የቆየ ዳኛ ማስቀመጥ፣ አበላቸውን በሰዓቱ መክፈል። የመጨረሻዋን አደራ። አበሉ ከወራት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ጎበዙ ቀድሞ ይሄዳል።

ገንዘብ ነገር በአጭሩ። ፌዴሬሽን ከመንግሥት ድጎማ፣ ከክለቦች ምዝገባና መዋጮ፣ ከስፖንሰር፣ ከዓለም አቀፍ ድጋፍ ይኖራል። የውጭው ብዙ ጊዜ በጥሬ ብር አይመጣም። ኳስ፣ ሥልጠና፣ አሠልጣኝ የሚያሠለጥን ባለሙያ ሆኖ ነው የሚመጣው። በኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል የሚገኝ የሥልጠና ድጋፍም አለ። ስፖንሰሩ ቴሌቪዥን ይፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑ እግር ኳስ ይፈልጋል። ክለቦቹ በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር ወይም እንደ መከላከያና ማረሚያ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። በጀቱ ካለ ክለቡ አለ። በጀቱ ሲታጠፍ አሥራ አምስት ሃያ ልጅ በአንድ ቀን ሜዳ ያጣል።

ማሳደግ የሚባለው ሥራ ከኳሷ ይጀምራል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የወንዶች ኳስ ዙሪያዋ ከ58 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ425 እስከ 475 ግራም ነው። የሴቶቹ ከ54 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር፣ ከ325 እስከ 375 ግራም። የልጆቹ ከ50 እስከ 52። በዚያ ቅዳሜ ያየሁት አንድ ደቃቃ ልጅ የአዋቂ ኳስ በአንድ እጁ ሊጨብጥ ይታገላል። ጣቶቹ አልዞሩላትም። ስለዚህ በሁለት እጁ ከደረቱ ይገፋታል፤ እንደ ቅርጫት ኳስ። ለሁለት ዓመት እንዲህ ከተጫወተ ክንዱ ሌላ ነገር ይለምዳል። ትንሿ ኳስ ብትሰጠው ግን ክንዱን ከትከሻው በላይ አንሥቶ በትክክል ይወረውራል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው ፕሮግራም ለሕፃናት ለስላሳ ኳስና ጠበብ ያለ ሜዳ የሚመክረው ለዚህ ነው። የአሠልጣኝ ፈቃድም ከዲ ተነሥቶ ወደ ኤ በደረጃ ይወጣል። የመጀመሪያው ደረጃ ለስፖርት መምህራን ቢዳረስ ብዙ ነገር ይለወጣል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ትምህርት አለን፤ በየዓመቱ ወጣት ባለሙያ ይወጣል። ሰው አላጣንም።

ልጆቹን የምናሠለጥነው በታዳጊ ፕሮጀክት ነው። አሠልጣኙ ልጆቹን ይይዛል፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን ያሠለጥናል፣ የምዘና ውድድር ሲመጣ ይወስዳቸዋል። ጥሩ አሠራር ነው። ችግሩ ከፕሮጀክቱ በኋላ ነው። ልጁ 17 ዓመት ሲሞላው ፕሮጀክቱ ያስወጣዋል። ክለብ ከሌለ የሚቀበለው የለም። ሴት ልጅ ከሆነች የቤት ሥራውም፣ የቤተሰብ ሥጋቱም፣ የማምሻው መንገድም ተጨምሮ ቀድማ ትቀራለች። ስለ ሴቶች እጅ ኳስ ስናስብ አንጎላን ማየት ይጠቅማል። ሴቶቻቸው አህጉሩን ለረጅም ጊዜ ገዝተዋል፤ በ2007 የዓለም ሻምፒዮና ሰባተኛ ወጥተዋል። ከኋላቸው ያሉት ዓመቱን ሙሉ የሚጫወቱ የሉዋንዳ ክለቦች ናቸው። በወንዶቹ የአፍሪካ ዋንጫ ከ1974 ጀምሮ ከቱኒዚያ፣ ከአልጄሪያና ከግብፅ ሌላ ያነሣው የለም። ከእነሱም ኋላ ያለው ያው ክለብ ነው። ግን ነገሩ የትልልቅ አገሮች ብቻ አይደለም። የደሴት አገሯ ኬፕ ቨርዴ በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳለች። የሕዝቧ ብዛት ከአንድ ትልቅ ከተማ አይበልጥም።

ለእኛ ከተማ ሌላም በር ክፍት ነው፤ የአሸዋ ላይ እጅ ኳስ። አራት ለአራት ነው። ሜዳው 27 በ12 ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አሥር ደቂቃ ይጫወታሉ። በአየር ላይ ሙሉ ተሽከርክሮ ያገባ ሁለት ነጥብ ያገኛል። በ2018 ቦነስ አይረስ ላይ በወጣቶች ኦሊምፒክ ተደርጓል። ሐይቅ አለን፣ ፀሐይ አለን። የጣና ዳርቻ በእኛ በኩል ብዙው ደንገልና ሣር ስለሆነ አሸዋው በገልባጭ መምጣት አለበት። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንስጠው ብንል ለሜዳው ብቻ ወደ 130 ሜትር ኩብ ነው። ለአንድ ከተማ የማይሞከር አይደለም። ሰው ቅዳሜና እሑድ አሣ ሊበላ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ተመልካች ፍለጋ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም።

ወደ ግቢው ልመለስ። ኖራው ደረቀ። ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ተጫወቱ። ያቺ ልጅ ከግራ ክንፍ ተነሥታ፣ ከመስመሯ ውጭ ረግጣ፣ ዘላ ወረወረች። በረኛዋ በእግሯ መለሰችባት። ሁለተኛ ሞከረች፤ ገባ። አሠልጣኙ ደብተር ላይ ስሟን ጻፈ፤ ከጎኑም አንድ ጭረት አደረገ።

ሲጨርሱ ገመዱን እየጠቀለለ ሳለ አጠገቡ መጣች።

"ኮች፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከማን ጋር ነው?"

ስልኩን አወጣ። ከላይ ወደ ታች አየው። ገመዱን ቦርሳው ውስጥ ከተተና "ፕሮግራሙ ገና አልወጣም" አላት። "ለማንኛውም በሁለት ሰዓት እዚህ ሁኚ።"